ከማክሰኞ በፊት የሰጠሁት ምስክርነት

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። አገር ቤት ክረምት ሲሆን ናይሮቢ ዝናብ የለም። ሰማዩ ግን ተደፍኖ ይከርማል፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ይገባል። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የደም ካንሰር ተገኝቶባት አንድ ወር ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ገና ሳምንት አልሞላትም።

እሑድ ዕለት ጉባኤው ፊት ቆሜ ልጄ ተፈውሳለች ብዬ መሰከርኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ሐኪሙ ጠርቶን ነበር። ኬንያዊ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል። ከዳሌዋ አጥንት የተወሰደው መቅኔ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የካንሰር ሕዋስ እንዳልተገኘበት ነገረን። ልጄ እጄን ጨበጠችው። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም። አንድ ምርመራ ይቀራል አለ፤ በብርሃን የሚሠራ፣ ማይክሮስኮፕ የማይደርስበትን የሚያይ። ባለፈው ጊዜ ለዚያ የሚያስፈልገው ማቅለሚያ አልቆ ስለነበር ሳይላክ ቀርቷል። ማክሰኞ እንደገና ትንሽ መቅኔ ይወሰዳል። እስከዚያ ድረስ ጨርሰናል ብለን እንዳናስብ አስጠነቀቀን።

ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ።

ጉባኤያችን ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሠፈር ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ባለ አዳራሽ ነው የሚሰበሰበው። አብዛኞቻችን በስደት የመጣን ነን። ዘመድ አጠገባችን ስለሌለ ዘመድ የሆንነው እርስ በርሳችን ነው። ሰው ሲታመም እህቶች ጾሙን ይከፋፈሉታል። ሰኞን አንዷ ትይዛለች፣ ማክሰኞን ሌላዋ፣ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ሳይቋረጥ ይዞራል። የታመመው ሰው ስም በሩ አጠገብ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፋል። የልጄ ስም ወሩን ሙሉ እዚያ ነበር። ጸሎቱ ሲመለስ የተመለሰለት ሰው ቆሞ ይመሰክራል፣ ስሙ ይሰረዛል፣ ጾሙም ለሌላ ይሆናል። ጌታ ያደረገውን ይዞ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ትልቅ በደል ነው። ሳያዩ መመስከር ደግሞ ከእምነት ሁሉ ይበልጣል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

እኔም ልጄ በተኛችበት ወር ቃል ገብቼ ነበር። ካዳንክልኝ አንድ እሑድ እንኳ ሳላሳልፍ እናገራለሁ ብዬ። ዓርብ የሰማሁት ግማሽ የምሥራች ነው። እሑድ ሲደርስ ማክሰኞን መጠበቅ ጌታን መጠራጠር መሰለኝ። ተነሣሁ። ማይክራፎኑን ተቀበልኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሞላም የተናገርኩት። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አንዲት እናት መጥታ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ልጄ ብርድ ስለማይስማማት ያን ቀን ቤት ቀርታ ነበር። ስወጣ ወረቀቱን አየሁት። ስሟ ላይ ሰረዝ ተደርጎበታል።

ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። መቅኔው ሲወሰድ ውጭ እንድቆይ ተነገረኝ። ልጄ አልጮኸችም። በሩ ሲከፈት ነርሷ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ፖስታ ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ። ምርመራው የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ሌላ ቦታ ነው፣ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ። ቤተሰብ ነው የሚያደርሰው። ሕዋሳቱ ሳይሞቱ በዛሬው ቀን መድረስ አለበት አለችኝ፤ በረዶ ውስጥ አይገባም፣ ፀሐይም አይንካው። ፀሐይ ስትል ሁለታችንም በመስኮቱ ወደዚያ ወደ ተደፈነው ሰማይ አየንና ሳቅን። ልጄ በጀርባዋ ተኝታ መቆየት ስላለባት ነርሷ እንደምትጠብቃት ነገረችኝ።

እንዲህ ባለ ቀን ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ወሩን ሙሉ አንዷ ወይ ሌላዋ እህት ከጎኔ ነበረች። ስልኬን አውጥቼ ስሞቻቸውን አየሁ። ደውዬ ምን ልበል? የዳነች ልጅ ምርመራ ላድርስ ልበል? ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ፖስታውን በአንገት ልብሴ ጠቅልዬ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

መሀል ከተማ ሳልደርስ አንዲት የጉባኤያችን እህት ገባች። ኢስትሊ ውስጥ ጫማ የምትሸጥ ናት፤ ከእኔ ሕንፃ ቀጥሎ ባለው ትኖራለች። ወፍራም ናት፣ ሳቂታ ናት። አጠገቤ ያለውን ሰው አስነሥታ ተቀመጠች።

«ተአምራችን እንዴት አደረች?» አለችኝ።

«ደህና ናት።»

«ጸጉሯ በቀለ?»

«ገና ነው።»

«ይበቅላል። እኔን አታይኝም? ሳልታመም ነው የረገፈው፤ የሷስ ምክንያት አለው።» ሻሿን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ ራሷ ቀድማ ሳቀች። ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የስፌት ዕቃ ነው አልኳት። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፣ አመነችኝ። ክር ልገዛ እየሄድኩ ነው ብዬም ጨመርኩ። ያን ያህል እንድዋሽ ማንም አላስገደደኝም።

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል?» አለች። «ወሩን ሙሉ ማክሰኞን ላንቺ ልጅ ጾምኩ። ዛሬ ሁለት ማንዳዚ በሻይ በላሁ፤ ሳላስበው እኮ አስለቀሰኝ። ጌታ ይመስገን አልኩ።»

«ጌታ ይመስገን» አልኩ እኔም።

ኢምባካሲ ሠፈር ለሚኖረው ወንድማችን አሁን ጾም እንደተያዘለት ነገረችኝ፤ አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ሥራ ይሰጡኛል ብሎ ስንት ወር የሚጠብቀው። ከሚቀጥለው ሳምንት የሱን ትይዛለች። ሰማሁ። መሀል ከተማ ስንደርስ ጉንጬን ስማ ወረደች። ሁለተኛውን ማታቱ ተሳፈርኩ። ብልቃጡ እንዳይናጥ ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ቤተ ሙከራው ፎቅ ላይ ነው። ፖስታውን የተቀበለችኝ ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ኬንያዊት ናት። የአንገት ልብሴን ስፈታ አይታ በስዋሂሊ ምነው ሕፃን አስመሰልሽው አለችኝ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ አልረጋም፣ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ማማ፣ ቁጭ በይ። ከማን ጋር መጣሽ?»

ብቻዬን እንደመጣሁ ነገርኳት። ውኃ ሰጠችኝ። ምን እንደምታደርግበት ጠየቅኳት። ብዙ ሰው እንደማይጠይቃት ነግራኝ በመስታወቱ ግድግዳ በኩል መሣሪያውን አሳየችኝ። ትልቅ ነገር የጠበቅኩ ይመስለኛል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ሣጥን ነው፣ አጠገቡ ኮምፒውተር።

በቀላል ስዋሂሊና እንግሊዝኛ አስረዳችኝ። የታመመው ሕዋስና ጤነኛው ወጣት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ጥቂት ከሆኑ ደግሞ በብዙ ሺህ ጤነኞች መሀል ይደበቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ማቅለሚያ ይጨመርባቸዋል፤ እያንዳንዱ ማቅለሚያ የሚጣበቅበት የራሱ ምልክት አለው። ከዚያ ሕዋሳቱ በቀጭን የውኃ መስመር አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፋሉ። በሚያልፉበት ቦታ የሌዘር ብርሃን ይመታቸዋል። ሲመታቸው የተጣበቀባቸው ቀለም ያበራል። መሣሪያው የእያንዳንዱን መልክ ይመዘግባል፣ ኮምፒውተሩ ላይም እንደ ነጥብ ያስቀምጠዋል። የታመሙት ነጥቦች ካሉ ከጤነኞቹ ተለይተው ይሰበሰባሉ።

ይህ ገባኝ። ጥቁርና በጣም የጠቆረ ሰማያዊ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ በአምፖል ሲታዩ አንድ ናቸው። ስንቱ ሰፊ አንዱን ካንዱ ቀጥሎ ተሰድቧል። እኔ ሁልጊዜ ሁለቱንም ይዤ ወደ በሩ እወጣለሁ። ደጅ ላይ የአንዱ ሰማያዊነት ይታያል። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ በትክክል እንደዚያ ነው፣ እኛም ወደ በሩ እናወጣቸዋለን አለች።

«የልጄንም እንደዚያ አንድ በአንድ ታይያለሽ?»

«አንድ በአንድ አያለሁ፣ ማማ። እያንዳንዷን።»

አንድ በአንድ የሚያየን እንዳለ ሳምን ኖሬያለሁ። ስለዚያች ልጅ እጆች ጌታን አመሰገንኩ። ውጤቱ ሐሙስ ለሐኪሙ ይደርሳል አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። እሑድ ዕለት የለም ብዬ በማይክራፎን የተናገርኩትን ነገር ዛሬ ይኖር እንደሆነ ፈልጉልኝ ብዬ ራሴ በእጄ አስረክቤ መጣሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሦስት እህቶች ዳቦ ይዘው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን መጡ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አንዷ የስፌት መኪናዬ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘመሩ። ልጄ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነች ፈገግ ብላ ቆየች። ወገቧ ሥር መርፌው የገባበት ላይ የተለጠፈው ፕላስተር አልታየም። ሲሄዱ አንዷ ከአልጋው አንሥታ አጥብቃ አቀፈቻት። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። እህቶች ከደስታዋ ነው ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋት። አልበላችም።

«እማ፣ የያዘችኝ ልክ እዛው ላይ ነው። ልጮህ ነበር።»

«ለምን አልጮህሽም?»

«ድኜ የለ እንዴ!»

 ልጄ ያደገችው እዚህ ነው። አማርኛዋ መሀል ስዋሂሊው ይገባል፣ ስትቆጣ ግን አማርኛዋ ጥርት ይላል።

«የምርመራውን ማሽን እግዜር እንዳያየው ነው የምትደብቂው? ይቀየመኛል ብለሽ? ያውቃል እኮ።»

«በጌታ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። የታመምኩት እኔ ነኝ። አንቺ ድናለች ካልሽ በኋላ፣ ሲያመኝ ለማን ልናገር?»

 የሷን ብቸኝነት እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩትም ነበር። የራሴን ብቻ ነበር የምቆጥረው፣ ስልክ አንሥቼ መደወል አለመቻሌን፣ ማታቱ ውስጥ መዋሸቴን። እሷን ግን ከታመሙት ሰዎች መሀል አውጥቼ፣ ከጤነኞቹም መሀል ሳላስገባት፣ ብቻዋን አቁሜያታለሁ። ጥያቄዋን እያላመጥኩ መጋረጃ መስፋት ቀጠልኩ። የምሰፋለት ባለሱቅ፣ ሶማሊያዊ ሽማግሌ ነው፣ ሲመሽ መጥቶ ስፌቱን አየና ምነው ዛሬ እጅሽ ጠመመ አለኝ። ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት።

ሐሙስ ከሰዓት ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ወንበሩን ወደ እኛ አስጠግቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ አወቅኩ።

«ጥቂት ተገኝተዋል» አለ።

ወረቀቱን አሳየን። ነጥቦች ናቸው፣ እንደ ተዘራ ጤፍ። ብዙዎቹ አንድ ቦታ ተከማችተዋል። ከነሱ ራቅ ብሎ አንድ ጥግ ላይ ጥቂት ነጥቦች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ጣቱን እዚያ ላይ አደረገ። በማይክሮስኮፕ ብቻ ቢሆን ኖሮ አናያቸውም ነበር አለ። ቀለል ባለው መድኃኒት ቀጥለን፣ እነሱም ተደብቀው ቆይተው በኋላ በዝተው ይመለሱ ነበር። አሁን ስላየናቸው መድኃኒቱን እንቀይራለን፤ ይጠነክራል፣ ነገ ጠዋት ተመልሳ መተኛት አለባት። ገና ጥቂት ሳሉ ነው ያገኘናቸው አለ። ይህን ሁለት ጊዜ ደገመው። እንደምትድን ቃል አልገባልንም። እንዲገባም አልጠየቅኩትም።

ልጄ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«እነዚህ ናቸው?» አለች።

«እነዚህ ናቸው።»

«ትንሽ ናቸው» አለች፤ ወደ እኔ ዞራ። ከእሑድ ወዲህ ፊቷ እንደዚያ ቀለል ብሎት አላየሁም። ገርሞኛል፣ እስከ ዛሬም ይገርመኛል። የነገሯት ክፉ ነገር ነው። ግን የሚሰማት ሕመም እውነተኛ መሆኑን አንድ ሰው አብሯት አየው።

ጌታ ይመስገን አልኩ፣ ሳላስበው። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ የሰማሁት ያልገባኝ መስሎት ይሆናል። ገብቶኛል። ስለተገኙ ነው ያመሰገንኩት። እሑድ ስለሌሉ አመሰገንኩ፤ ሐሙስ ስለተገኙ አመሰገንኩ። የሐሙሱ ምስጋና ግን እልልታ አልነበረውም፣ የሚሰማልኝም ጉባኤ አልነበረም።

ወደ ቤት ተመለስን። መብራት ሳላበራ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ።  አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፣ አፌን አቅና አልኩ። ጌታ የዋሸሁትን ያውቃል። ፈጥኜ የተናገርኩት ለክብሩ ይሁን ለራሴ ፍርሃት፣ እሱንም ያውቃል። እኔ ራሴ ያን ያህል አላውቅም። ማክሰኞን ብጠብቅ ኖሮ ሁለት ቀን ብቻዬን እፈራ ነበር፤ እልልታው ያን ሁለት ቀን የሚሸፍንልኝ መስሎኝ ይሆናል። ልጄ ዕቃዋን ራሷ ሸክፋ ተኛች።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጎረቤቱ ሕንፃ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ የጫማ ነጋዴዋን እህት በር አንኳኳሁ። በሌሊት ልብሷ፣ ማንኪያ እንደያዘች ከፈተች፤ ውስጥ ወተት ጥዳለች። ስታየኝ ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

«ማክሰኞ ማታቱ ውስጥ ዋሸሁሽ» አልኳት። «የያዝኩት የስፌት ዕቃ አይደለም። ለምርመራ የምወስደው የልጄ መቅኔ ነበር። በሽታው አልጠፋም።»

«እሑድስ?»

«እሑድ ቸኮልኩ።»

 ተቀይማ እንደሆነ አላወቅኩም። ወተቱ ገነፈለ፣ ሮጣ አወረደችው፣ ተመልሳ መጣች። ዛሬ ዕቃ ይገባልኛል፣ አብሬሽ መሄድ አልችልም አለች። አብራኝ እንድትሄድ እንዳልጠበቅኩ ነገርኳት። ለጸሎት መሪያችን እኔ ልንገርልሽ ወይ አለችኝ፤ ለሰው መንገር እንደሚያሳፍር ስለምታውቅ ነው። አይ አልኳት። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ በሩ ላይ አጭር ጸሎት ጸለየች። ጣቶቿ ወተት ወተት ይሸቱ ነበር።

ቤት ተመለስኩ፣ ልጄን ቀሰቀስኳት፣ ሹራብ ደርቤ አለበስኳት። ቦርሳዋን ተሸክሜ ወደ መንገዱ ወረድን። ማታቱ እስኪመጣ ቆመን ሳለ ስልኬን አውጥቼ ለጸሎት መሪያችን ደወልኩ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። «ልጄ ገና ታማለች» አልኩ።